አጭሩን ፖይንት ጋርድ እንዴት እንመዝነው? በደብተርና በእርሳስ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ መውረድ ሲጀምር ሜዳው ቶሎ ይበርዳል። ያን ቀን ከሜዳው ዳር የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ። ለአንድ የግቢ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ስንመርጥ ነበር። አንድ ፍሬሽማን ፖይንት ጋርድ (ኳሱን አሻግሮ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች) ኳሱን እየነዳ ቅርጫቱ ሥር ገባ። ቅርጫት ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሴንተር በአንድ እጁ መታበትና ኳሱ አጥሩ ድረስ ሄደ። ተመልካቹ ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ «ጩጬ ነው እኮ፣ ምን ያድርግ!» አለ። እኔም ደብተሬ ላይ «አጭር ነው» ብዬ ጽፌ ገጹን ገለጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ያለ እሱ ኮምቦልቻ ወረድን። ተጋጣሚያችን ገና ጨዋታው ሲጀመር ሙሉ ሜዳ ፕሬስ ያዘን፤ ኳሱን ገና ከእኛ ቅርጫት ሥር ጀምሮ እየተጫኑ ይከላከላሉ። ኳሱን ከግማሽ ሜዳ የሚያሻግር ሰው ጠፋ። ረጃጅሞቹ ልጆቻችን ቅርጫት ሥር እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ኳሱ ግን አይደርስም። በሚኒባስ ስንመለስ ማንም አላወራም። ደብተሬን አውጥቼ ያንን ገጽ ደግሜ አየሁት። የልጁን ቁመት ጽፌያለሁ። ጨዋታውን ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበትን መንገድ ነው የማካፍላችሁ። ለአሰልጣኝ፣ ለምክትል አሰልጣኝ፣ ለቡድን መሪ ይሆናል። ራሱ አጭር የሆነ ተጫዋችም ቦታውን ሊያውቅበት ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ የስልክ ሰዓትና አብሮ የሚቆጥር አንድ ጓደኛ ነው። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ካፊያ ከመጣ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ይፈሳል።

አንደኛ፦ በደንብ ለኩት፣ ከዚያ ልኬቱን ወደ ጎን አድርጉት

ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ይደገፍ። የስፖርት ጫማ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር በወሬ የሚነገር ቁመት አትመኑ። ቀጥሎ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለኩት። በመጨረሻም ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የት እንደሚደርስ ምልክት አድርጉ። ሜዳ ላይ የሚሠራው ከጭንቅላቱ ይልቅ የእጁ ጫፍ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ልጆች በእጅ ርዝመት አንድ ስንዝር ሊበላለጡ ይችላሉ።

ቁመት ብቻውን እንደማይወስን ለማየት ማግሲ ቦግስን ማስታወስ ይበቃል። 1 ሜትር ከ60 ነው። በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1987 እ.ኤ.አ. በኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 12ኛ ሆኖ ተወሰደ። 14 የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ በጨዋታ በአማካይ 7.6 አሲስት (ጓደኛው ያገባው ኳስ ማቀበል) ነበረው። ይህን የምጠቅሰው «አጭር ሁሉ ይችላል» ለማለት አይደለም። እንደ እሱ ኳስ የሚነጥቁና ኳስ የማያስነጥቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ዌክ ፎረስት ያሉት አሰልጣኞች እንደ እኔ ገጹን ገልጠው ቢያልፉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ሁለተኛ፦ ከእሱ በፊት ሌሎቹን አራቱን እዩ

የአጭር ፖይንት ጋርድ ዋጋ አብረውት ባሉት ልጆች ይወጣል ይወርዳል። ጠንካራ ስክሪን የሚይዝ፣ ማለትም ቆሞ ተከላካዩን የሚያግድለት ሴንተር አለ? ከጥግ የሚያስገባ ልጅ አለ? ከኋላ ሆኖ ቅርጫቱን የሚጠብቅ ረጅም ሰው አለ? ሦስቱም ከሌሉ ልጁ ጎበዝ ቢሆንም ሜዳው ይጠብበታል። ይህን አስቀድማችሁ ጻፉ። አለበለዚያ የቡድኑን ጉድለት በእሱ ስም ትመዘግባላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን የአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታ በስልክ እናያለን፤ ከዚያ በመነሳት እንፈርዳለን። የእነሱ የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ ለአንድ ማጥቃት 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ግማሽ ሜዳ ለመሻገር ደግሞ 10 ሰከንድ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ግን 24 እና 8 ነው። ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ጋርድ ተረጋግቶ ሁለት ጊዜ ስክሪን ይጠራል። የእናንተው ልጅ ያን ያህል ጊዜ የለውም። በራሱ ሰዓት መዝኑት።

ሦስተኛ፦ ስምንቷን ሰከንድ ቁጠሩ

የፖይንት ጋርድ የመጀመሪያ ሥራ ኳሱን በሰላም ማሻገር ነው። ጓደኛችሁ ሰዓት ይያዝ። ኳሱ ከተነካ ጀምሮ ግማሽ ሜዳ እስኪሻገር ስንት ሰከንድ ፈጀ? ደብተሩ ላይ በየዙሩ ቁጥሩን ጻፉ። ሦስት አራት ከሆነ ቡድኑ ለመጫወት ሃያ ሰከንድ ገደማ ይቀረዋል። ሰባት ከሆነ ተሻግሯል፤ ግን ጨዋታውን ለመጀመር ዘግይቷል።

ፕሬስ ሲመጣ ለብቻው አምድ ያዙ። ስንት ጊዜ ፕሬስ ተደረገበት? ስንቱን አለፈ? ሁለት ሰው ጥግ ላይ ሲያጠምደው ምን አደረገ? እዚህ ላይ ቀረብ ብላችሁ እግሩን እዩት። ደህናው ልጅ ሁለተኛው ተከላካይ ከመድረሱ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። መስመር እንዲታየው ቦታ ይፈጥራል። ከዚያ ኳሱን መሬት አንጥሮ በሰዎቹ መሀል ያሳልፋል። ያልበሰለው ግን ይዘላል። አየር ላይ ሆኖ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል፤ ሳያገኝ ይወርዳል። አጭር ልጅ በረጃጅም እጆች ላይ ለማሳለፍ መዝለል ሲያበዛ ችግር አለ። ጥሩነቱ በልምምድ የሚታረም ችግር መሆኑ ነው። ስለዚህ «ዘለለ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «አይችልም» አትበሉ።

የእኔ መስፈርት ይህ ነው፦ ከአሥር ፕሬስ ስምንቱን ያለፈ ልጅ የቡድን ቦታ ይገባዋል። የቀረው ስንት ደቂቃ የሚለው ነው።

አራተኛ፦ አሲስትና የጠፋ ኳስ፣ ግን በጥንቃቄ

አሲስትን መቁጠር ቀላል ይመስላል። ኳስ ሰጠ፣ የተቀበለው አገባ፣ አንድ አሲስት። ችግሩ በእኛ ሜዳዎች ላይ ባዶ ሌይ አፕ (ቅርጫቱ ሥር ተጠግቶ የሚወረወር ኳስ) ብዙ ይሳታል። ልጁ ጓደኛውን ብቻውን ቅርጫት ሥር አድርሶት ጓደኛው ሲስት መዝገቡ ላይ ምንም አይጻፍም። ስለዚህ ሁለት ምልክት ተጠቀሙ። ከገባ ጥቁር ነጥብ፣ ከተሳተ ባዶ ክብ። ለምሳሌ አንድ ልጅ ስድስት ጥቁር ነጥብና አራት ባዶ ክብ፣ እንዲሁም ሦስት የጠፋ ኳስ አለው እንበል። በተለመደው አቆጣጠር ስድስት ለሦስት ነው። በእናንተ ደብተር ግን አሥር ጊዜ ዕድል ፈጥሯል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የጠፋ ኳስም ሁሉ እኩል አይደለም። ከመስመር የወጣ ኳስ ያናድዳል፤ ነገር ግን ቡድኑ ተመልሶ ለመከላከል ጊዜ ያገኛል። መሀል ሜዳ ላይ የተነጠቀ ኳስ ግን በቀጥታ ወደ ሌይ አፕ ይሄዳል። የመጀመሪያውን «ው»፣ ሁለተኛውን «ን» ብላችሁ ለዩት። አምስት «ው» ካለው ልጅ ሦስት «ን» ያለው ልጅ ይበልጥ ያሳስበኛል።

አምስተኛ፦ ቅርጫት ሥር የሚሆነውን እዩ

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ብሎኩን፣ የታገደበትን ውርወራ ነው። እኔም ያን ቀን እሱን ብቻ ነው ያስታወስኩት። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ስንት ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከገባ በኋላስ ምን ሆነ ነው። አራት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ይወረውራል፣ ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ ፋውል ያስገኛል፣ ወይም ይታገድበታል። አሥራ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ጊዜ የታገደበት ልጅ ጀግና ነው። ሦስት ጊዜ ገብቶ ሁለት ጊዜ ከታገደበት ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ብሎኩ እኩል ነው፤ ልጆቹ ግን አይገናኙም።

አጨራረሱን ተጠግታችሁ እዩ። ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ለማንም ዝቅ አይልም። አጭር ልጅ የሚያገባው በጊዜና በማዕዘን ነው። ያን ፍሬሽማን በኋላ ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ያዝኩበት። ሴንተሩ ለመዝለል ሁለት እግሩን መሰብሰብ አለበት። ልጁ ሁለተኛው እግር መሬት ከመንካቱ በፊት ኳሱን ከእጁ ያወጣዋል። ሴንተሩ ሲዘል ኳሱ ከጣቶቹ በላይ አልፏል። ፍሎተር የሚሉት ይህ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር አልፎ በወዲያኛው በኩል ያስገባል፤ ሪንጉ ራሱ ከሴንተሩ እጅ ይከልለዋል። ያ የተሳቀበት ብሎክ የመጣው ፍሎተሩን ትቶ በቀጥታ ስለሄደ ነበር።

አይዛያ ቶማስ 1 ሜትር ከ75 ነው። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ምርጫ የመጨረሻው፣ 60ኛው ሆኖ ተወሰደ። በ2016-17 የውድድር ዘመን በጨዋታ በአማካይ 28.9 ነጥብ አስቆጠረ። ብዙውን የሠራው በረጃጅሞች መሀል ገብቶና ፋውል አስገኝቶ ነው። ስለዚህ ፍሪ ስሮውን (ከፋውል በኋላ የሚሰጠውን ነፃ ውርወራ) አትዝለሉት። ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ መስመሩ ላይ ካልተሳካለት ግማሽ ሥራው ባዶ ይቀራል። ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ እግሩ ደክሞ ሳለ ሃያ አስወርውሩት።

ባለ ሦስት ነጥብን በአንድ ቀን አትፍረዱ። ሜዳችን ጣራ የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከ6 ሜትር ከ75 የተወረወረ ኳስ አየር ላይ ሲዞር ይታያል። ጠዋትም ከሰዓትም፣ ቢያንስ በአራት የተለያየ ቀን ቁጠሩ።

ስድስተኛ፦ መከላከል ላይ እውነቱን ተናገሩ

እዚህ ላይ አጭር ልጅ ቡድኑን ዋጋ ያስከፍላል። መደበቅ አይጠቅምም። ስንት ያስከፍላል የሚለውን ግን በዓይን መገመት አይቻልም፤ መቆጠር አለበት።

ከፊት ለፊት ኳስ ያዢውን ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። ዝቅ ያለ ልጅ ድሪብሉ (መሬት የሚነጥረው ኳስ) አጠገብ ነው ያለው። የተጋጣሚውን ጋርድ ስንት ጊዜ ጀርባውን እንዲያዞር አስገደደው? ስንት ጊዜ ከተመቸው እጅ ወደ ሌላው ገፋው? መንጠቅ ብቻ አትቁጠሩ፤ እነዚህንም ጻፉ።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ተጋጣሚው አሰልጣኝ አጭሩን ልጅ ያይና ረጅም ጋርዱን ወደ ውስጥ ይልካል። ጀርባ ሰጥቶ እየገፋ እንዲገባበት ያደርጋል። ተመልካቹ ይጮኻል፤ ሁለቴ ከገባ ሁሉም «አውጡት!» ይላል። አሁን እርሳሳችሁን ያዙ። ተጋጣሚው በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አጠቃ? ከዚያ ስንት ነጥብ አገኘ? ከዚያ ይህን ከጠቅላላ ማጥቃታቸው ጋር አወዳድሩ።

ምሳሌ ልስጥ። ተጋጣሚው በጨዋታው 60 ጊዜ አጥቅቶ 54 ነጥብ አገኘ እንበል። በአንድ ማጥቃት 0.9 ነጥብ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ አጭሩ ልጅ ላይ ነበሩ፤ ሰባት ነጥብ ሰጡ። ይህ 0.7 ነው። እንግዲህ ተጋጣሚው የለመደውን ጨዋታ ትቶ ልጁን ሲያሳድድ ከሌላው ጊዜ ያነሰ አግኝቷል ማለት ነው። ዓይን ያየው የገቡትን ኳሶች ነው፤ ደብተሩ ግን የባከኑትንም ያስታውሳል። ቁጥሩ ተገልብጦ ከአሥር 13 ነጥብ ቢሰጥ ደግሞ እውነተኛ ችግር አለ። ያኔ ሁለተኛ ሰው መላክ፣ ዞን መያዝ (ሰውን ሳይሆን ቦታን መጠበቅ) ወይም ልጁን ደካማው ተጫዋች ላይ መመደብ ያስፈልጋል። ይህ እስኪደረግ ድረስ ደቂቃው መቀነስ አለበት፤ ብወደውም።

ስክሪን ላይ ሲቀያየሩ ልጁ ሴንተር ላይ ሊቀር ይችላል። እሱን ብቻ አትዩ። ከጓደኞቹ አንዱ «ውጣ፣ እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ ይቀይረዋል ወይ? ካልቀየረው ጥፋቱ የጋራ ነው፤ እንደዚያው ጻፉት። ሪባውንድ (ተስቶ የሚመለስ ኳስ) ላይም የራሱን አትቁጠሩ። እሱ የያዘው ሰው ስንት ወሰደ የሚለውን ቁጠሩ። ልጁ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ረጅሙን ከያዘለትና ኳሱን ሌላ ጓደኛው ከወሰደው ሥራውን ሠርቷል።

ሰባተኛ፦ ሲገባና ሲወጣ ውጤቱን ጻፉ

ቀላል ነው፤ ግን ሲሠራበት ብዙ አላይም። ልጁ ሲገባ ውጤቱን ጻፉ፤ ሲወጣም ጻፉ። ለምሳሌ ቡድኑ 59 ለ56 ተሸነፈ እንበል። ልጁ በሜዳ ላይ በነበረባቸው 26 ደቂቃዎች 41 ለ35 መርተናል፤ ስድስት ትርፍ። በሌለባቸው 14 ደቂቃዎች 24 ለ15 ተመርተናል፤ ዘጠኝ ኪሳራ። ከጨዋታው በኋላ ግን «በአጭሩ ልጅ ተሸነፍን» ሲባል ትሰማላችሁ። ወረቀቱን አሳዩአቸው።

ማስጠንቀቂያም አለው። የአንድ ጨዋታ ቁጥር ብዙ ይዋሻል። ምናልባት እሱ የገባው የተጋጣሚው ምርጦች ሲያርፉ ይሆናል። ቢያንስ አምስት ስድስት ጨዋታ ሰብስቡ፤ ማን ላይ እንደተጫወተም ጻፉ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የሁለቱ ከተማ ልጆች ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ ታች ስትደርሱ ጃኬት ይወልቃል። ታች የለመደ ቡድን ደሴ ሲወጣ አራተኛው ኳርተር ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የእኛ ፈጣን ትንሽ ልጅ ያኔ የሚሮጥባቸው ደክመው ስለሆነ ቁጥሩ ያምራል። ስለዚህ የደሴውንና የኮምቦልቻውን በተለያየ ገጽ ያዙ። ልጁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ አራተኛው ኳርተር ላይ እንዴት ነው? እኔ ይበልጥ የማምነው ያንን ገጽ ነው።

ስምንተኛ፦ ጆሯችሁን ተጠቀሙ

አንድ ኳርተር ሙሉ ኳሱን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ፖይንት ጋርድ ዝም ካለ ቡድኑ ዕውር ነው።

ግቢ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። ፍሬሽማን ልጅ ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) የሆነ ሴንተርን «እዚህ ቁም» ማለት ይከብደዋል። አስተዳደጋችን ታላቅን አክብር ይላል፤ ደግሞም ጥሩ ነው። የእኛው ልጅ እንዴት እንዳደረገው ልንገራችሁ። ፋውል ተነፍቶ ጨዋታው ቆመ። ሴንተሩ ጋ ሄደና ክርኑን በቀስታ ነካ አደረገው። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ «ወንድሜ፣ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ግራ ያዝልኝ፣ ኳሷ እጅህ ላይ ትመጣለች» አለው። በሚቀጥለው ዙር ኳሷ እጁ ላይ መጣች። ከዚያ በኋላ ሴንተሩ ራሱ «የት ልቁም?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። ይህን የሚይዝ አምድ የለም፤ በቃላት ጻፉት።

ሲሳሳትስ? ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ፊቱን አያችሁ? ጓደኛው ሌይ አፕ ሲስት «አብሽር!» ብሎ እያጨበጨበ ይመለሳል ወይስ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል? እጁን ለሚያነሳ ልጅ ቡድን አላስረክብም።

ዘጠነኛ፦ ቦታውን ወስኑ፣ ለራሱም ንገሩት

አሁን ገጾቹን ዘርግታችሁ እዩ። ፕሬስ ያልፋል፣ ዕድል ይፈጥራል፣ ውስጥ ገብቶ ይጨርሳል፣ መከላከል ላይ የሚያስከፍለው ከሚያመጣው ያንሳል፤ ይህ ልጅ መነሻ አምስት ውስጥ ይግባ፣ 25 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይጫወት። ፕሬስ ያልፋል ግን ረጅም ጋርድ በጣም ያስቸግረዋል እንበል። ከቤንች ተነስቶ 12 ወይም 15 ደቂቃ ፍጥነት ይቀይር፤ የተጋጣሚው ተቀያሪዎች ላይ ይልቀቁት። ፍሪ ስሮው የማይስትና ኳስ የማያስነጥቅ ከሆነ ደግሞ እየመራን ሳለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የእሱ ናቸው፤ ተጋጣሚ ሆን ብሎ ፋውል የሚሠራው ያኔ ነው። ዘንድሮ ቦታ የሌለው ልጅም ይኖራል። እሱም ምክንያቱን በቁጥር የማወቅ መብት አለው። የሴቶች ቡድን ላይም ይኸው ነው፤ ኳሷ 6 ቁጥር ትሆናለች እንጂ ደብተሩ አይቀየርም።

ውሳኔውን በሰው ፊት አትናገሩ። ለብቻው ጥሩትና ደብተሩን አብራችሁ እዩ። እኔ ያንን ልጅ አንድ ሻይ ቤት ወስጄው ነበር። መጀመሪያ «አጭር ነው» ያልኩበትን ገጽ አሳየሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። አልተከፋም። ሻዩን ትቶ የኋላዎቹን ገጾች አንድ በአንድ አየ። በጣቱ አምዶቹን ተከተለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ኮች፣ በግራ እጄ የጨረስኩት የታለ?» አለኝ።

አልቆጠርኩትም ነበር። እርሳሱን አወጣሁና ከገጹ ጠርዝ አዲስ አምድ አሰመርኩ።